ላም ቁጥር 47

ኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የቀመሰው ያውቀዋል። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይተኛል። ጣት አልታዘዝ ይላል። እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ በረት ውስጥ ቆሜያለሁ። በግራ እጄ የላሚቱን የአንገት ቆዳ ቆንጥጬ ይዣለሁ፤ በቀኜ የቆዳ ውፍረት የምለካበት ካሊፐር። ላሚቱ ጥቁርና ነጭ ድቅል ናት፤ ሰው «የፈረንጅ ላም» የሚላት ዓይነት። ከሦስት ቀን በፊት አንገቷን ሁለት ቦታ በምላጭ ላጭቼ መርፌ ወግቻታለሁ። ዛሬ ውጤቱ የሚነበብበት ቀን ነው።

የላይኛው ቦታ 8 ሚሊሜትር። የታችኛው 19።

ደግሜ ለካሁ። 19። ያበጠው ቦታ ይተኩሳል። ስነካው ላሚቱ አንገቷን ሰብስባ ወደ ግርግዳው ተጠጋች።

እማማ በጣሳ ወተት ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ገና አሁን የታለበ ነው፤ አረፋው አልጠፋም።

«እንዴት ናት ልጄ? ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት እማማ» አልኩ።

ቅጹ ላይ 47 ከሚለው ቁጥር ጎን «ፖዘቲቭ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አላውቅም። ሁልጊዜ የምቆመው እዚያች «ደህና ናት» ላይ ነው።

የዚያን ጊዜ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምማረው ግን የሰውንና የእንስሳትን ጤና በሚያገናኘው ዘርፍ ነው። ጥናቴ የከብት ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚባለው በሽታ ላይ ነበር። ናሙናዬ 384 ከብት። የእኛን ሀገር የማስተርስ ተማሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ስንት ናሙና እንደሚያስፈልግ ብትጠይቁት 384 ይላችኋል። በሽታው በአካባቢው ምን ያህል እንደተስፋፋ አስቀድሞ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፤ ቀመሩ ውስጥ ሲገባ 384 ይመጣል። ስለዚህ እማማ ቤት ያለችው ላም ለእኔ ከ384 አንዷ ነበረች። ለእማማ ግን ያለቻቸው እሷው ናት። እሷና ጥጃዋ።

ምርመራውን ለማያውቅ ላስረዳ። የምንወጋው ቱበርኩሊን የሚባል ፈሳሽ ነው። ከተገደለ የነቀርሳ ባክቴሪያ የተጣራ ፕሮቲን ነው፤ በሽታ አያመጣም። ላሟ ባክቴሪያውን ከዚህ በፊት ካገኘችው ግን ሰውነቷ ያስታውሰዋል። በ72 ሰዓት ውስጥ የተወጋው ቦታ ያብጣል። የሚወጋው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከወፍ ነቀርሳ፣ ሌላው ከከብት ነቀርሳ የተሠራ። ለምን ሁለት? አፈሩና ውሃው ውስጥ የነቀርሳ ዘመድ የሆኑ፣ ያን ያህል ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። እነሱም ትንሽ ያሳብጣሉ። የወፉ መርፌ እነሱን ለመለየት ነው። የከብቱ እብጠት የወፉን በ4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከበለጠ ላሟ ፖዘቲቭ ትባላለች። 47ቷን ስወጋት ሁለቱም ቦታ 7 ሚሊሜትር ነበር። የወፉ የተወጋበት የላይኛው በ1 ጨመረ፤ የከብቱ የተወጋበት የታችኛው በ12። ልዩነቱ 11 ነው። የሚያከራክር ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። ፖዘቲቭ ማለት ባክቴሪያው ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው እንጂ ወተቷ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ላሞች በወተታቸው ባክቴሪያውን አያወጡም። የትኛዋ ታወጣለች የሚለውን ግን በካሊፐር ማወቅ አይቻልም። በረት ውስጥ ቆሞ ይህን ሊያውቅ የሚችል የለም።

ከብቱን የሚይዘው ባክቴሪያ ሰውንም ይይዛል። ይህ ራሱ ዱሮ አከራክሯል። የነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የከብት ነቀርሳ ለሰው ይህን ያህል አያሰጋም ብሎ ተናገረ። እንግሊዞች ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ አሥር ዓመት ሠርቶ ኮህ እንደተሳሳተ አሳየ። ባክቴሪያው በወተት ወደ ሰው ይገባል፤ ሕፃናትን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ያን ያህል ትልቅ ሰው ሲሳሳት ሌላው ደፍሮ ለመናገር ጊዜ ይወስዳል። እኔ ተማሪ ሆኜ ይህን ታሪክ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ኮህ አልነበረም። በእነዚያ አሥር ዓመታት ጥሬ ወተት ስለጠጡት ልጆች ነው።

የእኛ ሀገር ነገር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት ቆይቶ ነቀርሳ ነው የተባለ ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሳንባ ውጭ ያለ ነቀርሳ እኛ ጋ ብዙ ነው። ለረጅም ጊዜ ተጠርጣሪዋ ላም ነበረች፤ ጥሬ ወተት ስለምንጠጣ። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አገኘ። ከ900 በላይ የባክቴሪያ ናሙና ተመርምሮ የከብቱ ዓይነት የተገኘው ከአንድ እጅ ጣት በማይበልጡ ሰዎች ላይ ነው። የቀረው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ነበር። ከዚያም አልፎ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከብቶች ላይ የሰው ነቀርሳ ተገኘ። ገበሬው ትንባሆ አኝኮ ለመድኃኒት ብሎ በከብቱ አፍ ውስጥ የሚተፋበት ልማድ አለ። ተመራማሪዎቹ አንዱ መተላለፊያ ይህ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ላሟ ከእኛ ተያዘች ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ላሟን ለመክሰስ እንዳልመጣሁ እንዲታወቅልኝ ነው። በሀገር ደረጃ ሲታይ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን ቁጥር የሚያገለግለው ሀገርን ለሚመለከት ሰው ነው። ፖዘቲቭ ላም ያለችበት፣ ወተቱ ሳይፈላ የሚጠጣበት፣ ጋጣውና መኝታው በአንድ ጣራ ሥር የሆነበት ቤት ውስጥ ገብታችሁ ስትቆሙ «በሀገር ደረጃ ትንሽ ነው» ማለት ምን ይጠቅማል? ደግሞ ያ ሰው ታሞ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ማይክሮስኮፑ ሁለቱን ባክቴሪያዎች አይለያቸውም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ዘመናዊ ማሽንም ነቀርሳ ነው ይላል እንጂ የሰው ነው የከብት ነው አይልም። ከአራቱ የተለመዱ መድኃኒቶች አንዱ ፒራዚናማይድ ነው። የከብቱ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ፒራዚናማይድ አይበግረውም። ሐኪሙ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔ ቅጽ ላይ የጻፍኳት ቃል ብቻ ናት የምትነግረው፤ እሷም የተቀመጠችው የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ታዲያ ለምን ዋሸሁ?

የዚያኑ ቀን ማታ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ብዙ አስተምሮኛል። «ብትነግሪያቸው ምን የሚያደርጉ ይመስልሻል?» አለኝ። «ቅዳሜ ገበያ አውጥተው ይሸጧታል። የገዛት ሰው ደግሞ ሌሎች ላሞቹ ጋ ያስራታል። አንድ በረት የነበረው በሽታ ሁለት በረት ሆነ ማለት ነው። ካሣ የሚከፍል የለም፤ አርደሽ አትቀብሪው። ዳታሽን ሰብስቢ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው። ሀብታም ሀገሮች ፖዘቲቭ ላም ሲገኝ ታርዳ ባለቤቱ ካሣ ያገኛል። እኔ በምሠራበት ቦታ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ላም የቤቱ ባንክ ናት። ወተቷ ጠዋት ለማኅበሩ ይሸጣል፤ በዚያ ፍሩሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ የተረፈው የልጅ ደብተርና ጨው ነው። እበቷ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ማፍረስ ከበደኝ።

ቅጼም አልረዳኝም። ባለቤቶቹ ከምርመራው በፊት የሚፈርሙበት የፈቃድ ወረቀት ነበረኝ። «ውጤቱ በምስጢር ይያዛል» ይላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አንብቦ አጽድቆታል። ከማን ነው ምስጢር የሚሆነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። በረት ውስጥ ስደርስ ምስጢሩ ከባለቤቷ የተደበቀ ሆኖ ቁጭ አለ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ «እማማ፣ ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ» አልኳቸው። «ለምን?» አሉ። «እንዲያው ለጤና ጥሩ ነው» አልኩ። ሳቁ። «ወተት ሲፈላ ምኑ ወተት ይሆናል? ጉልበቱ ይሄዳል እኮ» አሉኝ። ምክንያቱ የተደበቀ ምክር ማን ይሰማዋል?

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ልለፈው። 384ቱን ጨረስኩ። ኤክሴል ሞላሁ። ድቅል ላም ከሐበሻ ላም፣ ትልቅ በረት ከትንሽ በረት፣ ፒ ቫሊዩ፣ ኦድስ ሬሾ። ዲፌንድ ባደረግኩበት ቀን ፈታኞቹ ስለ ናሙና አወሳሰዴና ስለ ሠንጠረዦቼ ጠየቁኝ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። አበባ ይዘን ፎቶ ተነሳን።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንደ ማንኛውም ቲሲስ የመፍትሔ ሐሳብ አለ። «ለኅብረተሰቡ ስለ በሽታው ግንዛቤ ሊፈጠር ይገባል» ብያለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር በብዙ ቲሲስ ላይ ታገኙታላችሁ። ቲሲሴን አስጠርዤ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ እሱ ላይ ዓይኔ አረፈ። ማን ይፍጠር? ያን ቀን በረት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን ነበረ? ኅብረተሰቡ በጣሳ ወተት ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

አማካሪዬ ያለኝን በልቤ ሳመላልስ ቆየሁ። ነገሩ ብልህ ነው፤ ግን ሥሩ ላይ አንድ ግምት አለ። ገበሬ እውነቱን ቢያውቅ ክፉ ያደርጋል የሚል ግምት። ያን ሰሞን «የከብት ደስታ» ስለሚባለው የከብት ወረርሽኝ የሚያወራ ጽሑፍ ሁሉ አነብ ነበር፤ የክፉ ቀን ነገር አያቴ ስታወራው ያደግኩበት ስለሆነ ይስበኛል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሽታው በምጽዋ በኩል ገብቶ የሀገሪቱን ከብት ከአሥር ዘጠኝ እጁን ፈጀው ይባላል። ሰውን አይዝም፤ ግን በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ሰው በረሃብ አለቀ። የሰውና የከብት ጤና አንድ ነው ለማለት ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ነው። በሽታው ከዓለም ጠፋ የተባለው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው። በእኛ ሀገር ከመጨረሻዎቹ ምሽጎቹ አንዱ አፋር ነበር። ክትባቱን ከፍሪጅ አውጥቶ እዚያ ሙቀት ውስጥ ማድረስ አልተቻለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችል ክትባት መጣና ለአርብቶ አደሮቹ ለራሳቸው ተሰጠ። ከመካከላቸው የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት ከተቡ። የባለሙያ ቡድን ለዓመታት ያልቻለውን እነሱ ጨረሱት።

አመኗቸው። በቃ፣ ሌላ ምን አለው?

ሐምሌ ላይ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። ስኳርና ቡና ይዤ። ከዚያች ጠዋት ስምንት ወር አልፏል። በረቱ ባዶ ነው።

«ላሚቱስ እማማ?»

«ለልጄ ሰጠኋታ። አራስ ናት እኮ! ወተት ትጠጣ ብዬ።»

ልጃቸው የምትኖረው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። በዚያው ዝናብ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ስደርስ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። በአንድ በኩል መደብ አለ፤ ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። በሌላ በኩል፣ በአጠና ብቻ ተከልሎ፣ 47 ቆማለች። ታመሰኳለች። አወቅኳት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጨረቃ አላት። በመደቡና በእሷ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ አይሆንም።

ነገርኳት። ሁሉንም። ካሊፐሩን፣ 19ኙን፣ «ደህና ናት» ማለቴን። ሕፃኑ የሦስት ወር ልጅ ነው፤ ስናወራ እንቅልፍ ወሰደው። ስጨርስ ዝም አለች። ከዚያ «አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው። ልትቆጣኝ ይገባ ነበር።

ወተቱ እሳት ላይ እስኪገነፍል ይፍላ አልኳት። እርጎ የሚረጋውም ከፈላ ወተት ይሁን፤ መርጋቱ ብቻ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ላሚቱ ከመኝታ ትራቅ፤ ባልሽ ውጭ ዳስ ይሥራላት። አንቺና ልጁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከሸጥሻትም ለቄራ ነው፤ እዚያ ሥጋ የሚመረምር ሐኪም አለ።

«ያኔ ብትነግሪን እኮ እናቴ አትሰጠኝም ነበር» አለች።

«ገበያ አውጥታ አትሸጣትም ነበር?» አልኩ። ማወቅ ፈልጌ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን? የታመመ ከብት ለሰው ይሸጣል እንዴ? ነውር አይደል?»

ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል እያልኩ አይደለም። ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ልጅ ሲታመም፣ ነውርን የሚረሳ ሰው ይኖራል፤ አልፈርድበትም። ግን እኔና አማካሪዬ ይህችን ሴት ሳንጠይቃት ነው የወሰንንባት።

ስወጣ ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። «ለእናቴ አትንገሪያት። በእኔ እጅ ነው የተሰጠው ብላ ስትጸጸት ትኖራለች» አለችኝ። መንገድ ላይ ሳስበው ቆየሁ። ምስጢር ያዢ ስባል ይህ ሁለተኛዬ ነው። ይህኛው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን የላሚቱ ጥጃ አሁንም እማማ ግቢ ውስጥ አለች። የእናቷን ወተት ጠብታ ያደገች ጊደር።

በማግስቱ ለእማማ ነገርኳቸው።

ቡና እየቆሉ ነበር። ምጣዱን አወረዱት። ቡናው ግማሹ ገና ነጭ ነው። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ሦስት ቀን ቆጥረሽ፣ በዚያ ውርጭ ያን ሁሉ መንገድ ተመላልሰሽ የመጣሽው ይህን ልትደብቂኝ ነው?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉ። ከዚያ ምጣዱን መልሰው እሳት ላይ ጣዱት። እስከ ሦስተኛው ጀባ ድረስ ስለ ላሚቱ አላወራንም።

እናትና ልጅ ጤና ጣቢያ ታዩ፤ ነቀርሳ አልተገኘባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያን ቤት በየጊዜው እንድታይ ተስማማን። ወደ ቀሩት ፖዘቲቭ ቤቶችም ሄድኩ። የቻልኩትን ያህል። አንዳንዶቹ ጋ ላሟ ተሸጣለች፤ ለማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። አንድ ሰውዬ በሩን አልከፍትልሽም ሳይለኝ፣ ቁጭ በይም ሳይለኝ ሰምቶኝ ወጣሁ።

አሁን የተማሪ ፕሮፖዛል የማነብበት ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ነገር አስቸግራለሁ፤ ተማሪዎቹም ያውቁኛል። ለባለቤቱ ምን ይነገራል? መቼ? በምን ቋንቋ? ፖዘቲቭ ቢሆን በማግስቱ ማን ይመጣል? ይህ ያልተጻፈበት ፕሮፖዛል አላሳልፍም። በጀት የለንም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ለናሙና ገንዘብ ይገኛል፣ ለመመለሻ ትራንስፖርት ግን ማንም አይመድብም። ከ384 ወደ 300 ዝቅ አድርጋችሁ ትክክለኝነቱን ትንሽ አጥታችሁም ቢሆን በተረፈው ተመለሱበት ብዬ የተከራከርኩባቸው ቀናት አሉ። በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ፊት ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የእማማ ልጅ ደወለችልኝ። ሕፃኑ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። 47 ከሁለት ዓመት በኋላ ቄራ ሄዳ ነበር። ጊደሯ ግን አድጋ ወልዳለች፤ ሁለተኛ ጥጃዋን። ያኔ ልፈትሻት ቀጠሮ ይዤ ቱበርኩሊኑ ስላለቀ ሳላደርገው የቀረሁባት ናት። እስከ ዛሬ ወተቷን እያፈሉ ነው የሚጠጡት።

«እናቴ ጠይቂያት ብላኝ ነው» አለችኝ። «መጥተሽ ትፈትሽልናለሽ? ውጤቱን ደግሞ ለእሷ ለራሷ እንድትነግሪያት ትፈልጋለች።»

ቱበርኩሊን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቶ የሚገዛ ነገር አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የሚመጣው ለፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ሦስት ላቦራቶሪ ደወልኩ። አንዱ ጋ የከብቱ አለ፣ የወፉ የለም። ሌላው ጋ ጊዜው አልፎበታል። ሦስተኛው ሰኞ መልሰሽ ደውይ ብሎኛል። ካሊፐሩ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ዘይት ቀባሁት።